አይስላንድ፦ በረዶ የለበሰችው አፋር

በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬት ለሳምንታት ስትንቀጠቀጥ ሰነበተች። በኋላ ሲጠና ነገሩ ጉድ ነበር። ከሥር የቀለጠ ዐለት ተነሥቶ መሬቱን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሰንጥቆታል። ግራና ቀኙ አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ይህ ሁሉ የሆነው በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው።

ተመራማሪዎች የአፋርን ነገር ለመረዳት ከአንድ ሩቅ ቦታ ታሪክ ጋር አስተያይተውታል። ቦታው ክራፍላ ይባላል፤ ሰሜን አይስላንድ ውስጥ ነው። እዚያም ከ1975 እስከ 1984 ምድር በዚሁ መንገድ ስትሰነጠቅና እሳት ስትተፋ ኖራለች። (እነዚህም ሆኑ ከዚህ ወዲህ የምጠራቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አይስላንድን ለማየት ያሰበ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ከሆቴልም ከፎቶም በፊት የምነግረው ይህንን ነው። አፋርን በዓይነ ሕሊናህ ያዝ። ከዚያ ወደ ሰሜን ዋልታ አስጠጋው። ከላዩ ብዙ መቶ ሜትር ውፍረት ያለው የበረዶ ግግር ጫንበት። ዙሪያውን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ክበበው። አይስላንድ ይህች ናት። ጥቁሩ አሸዋ፣ የሚፈላው ውሃ፣ ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ፣ ሁሉም የእሳትና የበረዶ ሥራ ነው። ይህ ከገባችሁ የት መሄድ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። የት መቆም እንደሌለባችሁም እንዲሁ።

ስንጥቁ

የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም። እንደተሰነጠቀ የእንቁላል ቅርፊት የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ሳይንቲስቶች ፕሌት ይሉታል። እነዚህ ፕሌቶች አንዳንድ ቦታ ይጋጫሉ፣ አንዳንድ ቦታ ይፋተጋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ይለያያሉ። በሚለያዩበት ቦታ ክፍተቱን የቀለጠ ዐለት ከሥር እየመጣ ይሞላዋል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ ከሰሜን እስከ ደቡብ የተዘረጋ እንዲህ ያለ ረጅም ስንጥቅ አለ። ከውሃ በታች ስለሆነ ሰው አያየውም።

አይስላንድ ላይ ግን ከውሃው ቀና ይላል። ምክንያቱ ሁለት ነገር አንድ ቦታ መገናኘቱ ነው። ስንጥቁ እዚያ ያልፋል። ከዚያው ሥር ደግሞ ከምድር ሆድ ትኩስ ዐለት ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ከሌላው የውቅያኖስ ወለል ይልቅ እዚህ ብዙ ቅልጥ ዐለት ወጥቶ ተከምሮ ደሴት ሆነ። አፋር ሊሰነጠቅና አንድ ቀን ባሕር ሊገባበት የሚሄድ ደረቅ መሬት ነው። አይስላንድ በተቃራኒው ከባሕር ወለል የተነሣ መሬት ነው። መንገዳቸው ይለያያል፣ አሠራራቸው ግን ዘመዳማ ነው።

ደሴቷ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሰፋለች። የእግር ጥፍር የሚያድግበት ፍጥነት ነው በሉት። ዕድሜዋም ለጋ ነው። ከሁሉ ያረጀው ዐለቷ 16 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የእኛን ሰሜናዊ ደጋ የሠራው የላቫ (ከምድር ፈስሶ የወጣ ቅልጥ ዐለት) ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ስታስቡት፣ የሰሜን ተራሮች ለአይስላንድ ታላቅ ወንድም ናቸው ማለት ይቻላል። ስፋቷ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከኢትዮጵያ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ሕዝቧ 400,000 እንኳ አይደርስም፣ አብዛኛውም ዋና ከተማዋ ሬይኪያቪክና አካባቢዋ ነው የሚኖረው። በዓመት ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ይመጣባታል።

ስንጥቁን በእግር ገብቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ቲንግቬሊር ይሂድ። ከሬይኪያቪክ በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ጥቁር ገደል ሆኖ መሐሉን የእግር መንገድ ያልፋል። መሬቱ ግራና ቀኝ ሲሳብ መሐሉ ወደ ታች ይሰጥማል፤ የስምጥ ሸለቆ ትርጉሙ ይኸው ነው። ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ በሄደ ቁጥር ግራና ቀኝ ያለውን ከፍታ ያስተዋለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ እዚህ በትንሽ ቦታ ተጠቅልሎ ነው የሚያገኘው። ብዙ አስጎብኚ "አንድ እግራችሁን አሜሪካ፣ አንዱን አውሮፓ ላይ አድርጉ" ይላል። ለፎቶ ያምራል፤ ግን ድንበሩ አንድ መስመር አይደለም። ብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ በስንጥቅ የተሞላ ቀጣና ነው።

በ930 የአገሬው ሰዎች ከየአቅጣጫው ተሰብስበው ሸንጎ የጀመሩትም እዚሁ ነው። አልቲንግ ይባላል። ሕግ የሚነገረው ሜዳ ላይ ነበር። ያ ሸንጎ ዛሬም የአገሪቱ ፓርላማ ስም ነው። ዩኔስኮ ቦታውን በ2004 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚያው ሲልፍራ የምትባል ውሃ የሞላባት ስንጥቅ አለች። ከበረዶ ግግር የቀለጠው ውሃ በላቫ ድንጋይ ውስጥ ለብዙ ዓመት ተጣርቶ ስለሚደርስ ጥራቱ ልዩ ነው። ሰዎች ልዩ ልብስ ለብሰው ይዋኙባታል። ሙቀቱ ግን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው፤ ድፍረት ይጠይቃል።

እሳቱ

አይስላንድ ውስጥ 30 ያህል ንቁ የእሳተ ገሞራ ቀጣናዎች አሉ። በአማካይ በየአራት አምስት ዓመቱ አንድ ፍንዳታ ይኖራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በዝቷል። ኬፍላቪክ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት የሬይክያኔስ ልሳነ ምድር 800 ዓመት ገደማ ዝም ብሎ ኖሮ በመጋቢት 2021 ፋግራዳልስፍያል ላይ ተከፈተ። ያ የመጀመሪያው የዋህ ነበር። ሰው ምሳውን ይዞ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ላቫ ሲፈስ አየ።

ቀጥሎ የመጣው የዋህ አልነበረም። ኅዳር 10 ቀን 2023 ግሪንዳቪክ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ በርዕደ መሬት ተናወጠች፤ ነዋሪዎቿም ሁሉ በአንድ ሌሊት ወጡ። በታኅሣሥ መሬት ተከፈተ። በጥር 2024 ላቫው ከተማዋ ውስጥ ገብቶ ሦስት ቤት አቃጠለ። ከዚያ በኋላም እዚያው መስመር ላይ ደጋግሞ ፈንድቷል። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ቤቱን ጥሎ የወጣው ወገናችን ምን እንደተሰማው ለሚያውቅ ሰው የግሪንዳቪክ ነገር የፊልም ትዕይንት አይደለም። ላቫ ለማየት የሚሮጥ ቱሪስት እዚያ የሰው ቤት እንዳለ ማስታወስ አለበት።

ፍንዳታ ላይ ብትደርሱ ሦስት ነገር ልብ በሉ። መጀመሪያ ጋዙ ነው። የሰልፈር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ነፋስ በሌለበት ጊዜ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል፤ ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባችሁ ወደ እሳቱ በሚነፍስበት በኩል፣ ከፍ ያለ ቦታ ቁሙ። ሁለተኛ፣ የደረቀ የሚመስለው ላቫ ከላይ ጥቁር፣ ከሥር ቀይ ነው። አትውጡበት። ሦስተኛ፣ አካባቢው ተዘግቷል ከተባለ ተዘግቷል። የአገሪቱ የሜትሮሎጂ ቢሮ ካርታና ማስጠንቀቂያ በየጊዜው ያወጣል፤ እሱን አንብቡ እንጂ የሶሻል ሚዲያ ቪዲዮ አትከተሉ።

በረዶው

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። ከሰማይ ጠጠር ሆኖ የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚዘንበውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም "በረዶ" እንላለን። የአይስላንዱ ሌላ ነገር ነው። በየክረምቱ የሚጥለው በጋ ላይ ሳይቀልጥ ሌላ ይደረብበታል (እዚያ ክረምት የሚባለው ብርዱ ወቅት፣ በጋ የሚባለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ሞቃቱ ወቅት ነው)። ለዘመናት ሲደራረብ የታችኛው በክብደት ተጨቁኖ ጠንካራ ሰማያዊ ግግር ይሆናል። ከበዛ በኋላ ደግሞ በራሱ ክብደት እንደ ወፍራም ማር ቀስ እያለ ቁልቁል ይፈሳል። የበረዶ ግግር የምንለው ይህን ነው።

ከአገሪቱ አንድ አሥረኛ ያህሉ እንዲህ ባለ ግግር የተሸፈነ ነው። ትልቁ ቫትናዮኩል ይባላል። ስፋቱ ከ7,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጣና ሐይቅን ሁለት ጊዜ ይውጣል። "ዮኩል" በቋንቋቸው የበረዶ ግግር ማለት ስለሆነ በዚህ ቃል የሚያልቅ ስም ካርታ ላይ ስታዩ ምን እንደሆነ ትረዳላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር ይምጣ። ከዚህ ግግር ሥር እሳተ ገሞራ አለ።

እሳቱ ከሥር ሲነሣ በረዶውን ያቀልጠዋል። ውሃው ግግሩ ሥር ይጠራቀማል፤ ከዚያ በድንገት ይፈነቅላል። በ1996 በቫትናዮኩል ሥር ከተከሰተው ፍንዳታ በኋላ የመጣው ጎርፍ በደቡብ ያለውን ዋና መንገድና ድልድዮች ጠራርጎ ወሰደ። ቤት የሚያክል የበረዶ ቁራጭ ሜዳ ላይ ጥሎ ሄደ። የድልድዩ ብረት እንደ ሽቦ ተጣሞ ዛሬም መንገድ ዳር ቆሟል። በዚያ ስታልፉ ውረዱና እዩት። የደቡቡ ጥቁር ሜዳ ለምን ያን ያህል ሰፊና ባዶ እንደሆነ ያ ብረት ከማንም አስጎብኚ በተሻለ ይናገራል። አመድና አሸዋውን እየጠረገ ያነጠፈው እንዲህ ያለ ጎርፍ ነው።

ሌላም ውጤት አለው። ቅልጥ ዐለት ከውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጥና ዐለቱን ዱቄት አድርጎ ይበትነዋል። በሚያዝያ 2010 ኤይያፍያላዮኩል የሆነው አንዱ ይህ ነው። እሳተ ገሞራው ከትልልቆቹ የሚቆጠር አልነበረም። ዱቄቱ ግን ረቂቅ ነበር፣ ነፋሱም ወደ አውሮፓ ነፈሰ። የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ የገባ አመድ ቀልጦ ስለሚጣበቅ ወደ 100,000 በረራ ተሰረዘ። በኅዳር 2025 የአፋሩ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳም አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ሰማይ ደርሷል። አመድ ፓስፖርት አይጠየቅም።

በዚህ ርዕስ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በ1783 ላኪ የሚባል ረጅም ስንጥቅ ተከፍቶ ስምንት ወር ላቫና ጋዝ ተፋ። ጋዙ ሣሩን መረዘው። በጎችና ከብቶች አለቁ፤ ከአይስላንድ ሕዝብ ከአምስት አንዱ ያህል ሞተ። አብዛኛውን የገደለው ረሃብ ነው። የሰልፈሩ ጭጋግ አውሮፓን ሸፈነ። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ሲያሰሉት ደግሞ ነገሩ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ጭጋጉ የሰሜኑን ምድር አቀዘቀዘው። ክረምታችንን የሚያመጣው በሰሜንና በደቡብ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ስለሆነ ዝናቡ ተዳከመ። የዓባይ ሙላት አነሰ፣ ግብፅ ተራበች። የዓባይ ሙላት ማለት የእኛ ደጋ ዝናብ ነው። ያን ዓመት አንድ የጎጃም ገበሬ ሰማዩን አንጋጦ ሲያይ መልሱ ከዚያ ማዶ ካለች ደሴት እንደሆነ በምን ያውቃል? የላኪን የላቫ ሜዳ ዛሬ ወፍራም አረንጓዴ ሽበት ለብሶ ታገኙታላችሁ። ሽበት ስል የፀጉሩን አይደለም፤ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ለስላሳ ተክል ነው። አትርገጡት፤ አንድ የእግር ዱካ ለመዳን አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል።

የበረዶውን ውበት አንድ ቦታ ብቻ ማየት ለሚችል ሰው ዮኩልሳርሎንን እመክራለሁ። ከግግሩ የሚገነጠሉ ሰማያዊ ቁራጮች ሐይቅ ላይ እየተንሳፈፉ ወደ ባሕር ይወጣሉ፤ ማዕበሉ ሰባብሮ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ይመልሳቸዋል። ፀሐይ ስትነካቸው እንደ ብርሌ ያበራሉ። ሐይቁ ግን ከ1930ዎቹ በፊት አልነበረም። ግግሩ እየሸሸ የተወው ጉድጓድ ነው የሞላው፤ በየዓመቱም ይሰፋል። ኦክ የተባለው ትንሽ ግግር በ2014 ከግግርነት ተሰርዟል፤ በ2019 የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሞለታል። የምታዩትን ስታደንቁ እያለቀ መሆኑንም እያወቃችሁ ነው። ግግሩ ላይ ወይም የበረዶ ዋሻ ውስጥ ያለ አስጎብኚ አትግቡ፤ በበጋ ዋሻው ይናዳል፣ ሰውም ሞቶበታል።

ፍል ውሃው

ሬይኪያቪክ ማለት በአማርኛ "ጢስ የሚወጣበት ሰላጤ" እንደማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ያዩት ጢስ አልነበረም፤ ከፍል ውሃ የሚነሣ እንፋሎት ነው። እኛም ዓባይ ሲወድቅ የሚበተነውን ውሃ አይተን ጢስ ዓባይ ብለናል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የወደዱት ፍልውሃ አዲስ አበባን እንደወለደ ሁሉ፣ ያኛዋም ዋና ከተማ ስሟን ከሞቀ ውሃ አገኘች።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዝናብና የቀለጠ በረዶ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፣ ትኩስ ዐለት ያሞቀዋል፣ ተመልሶ ይወጣል። አይስላንዶች ከመቶ 90 ያህሉን ቤት የሚያሞቁት በዚህ ውሃ ነው። ኤሌክትሪኩም ከወንዝና ከመሬት እንፋሎት ነው። የእኛም የጂኦተርማል ባለሙያዎች ብዙዎቹ እዚያ ከ1979 ጀምሮ በሚሰጠው ሥልጠና አልፈዋል።

ጌይሲር የሚባለው ቦታ ደግሞ ውሃው እየፈነዳ ወደ ሰማይ የሚዘልበት ነው። የዓለም ቋንቋዎች "ጋይዘር" የሚሉት ቃል ከዚህ ስም የወጣ ነው። ዋናው አሁን አብዛኛውን ጊዜ ተኝቷል። ጎረቤቱ ስትሮኩር ግን በየ5 እስከ 10 ደቂቃው 20 ሜትር ያህል ይወረውራል። ለምን? የሞቀ ራዲያተር ክዳን የከፈተ ሾፌር መልሱን ያውቃል። ከጉድጓዱ ሥር ያለው ውሃ ከላዩ ባለው ውሃ ክብደት ስለተጨቆነ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም አይፈላም። ትንሽ እንፋሎት ወጥቶ ክብደቱ ሲቀንስ ግን ሁሉም በአንዴ ይፈላና ይፈነዳል። ሊፈነዳ ሲል ውሃው ላይ ሰማያዊ ጉልላት ይሠራል። ያን ጊዜ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ገመዱን አትለፉ፤ መሬቱ ስስ፣ ከሥሩ ያለውም የሚፈላ ውሃ ነው።

በዚያው አካባቢ ሰዎች ራይ ከሚባል ስንዴ መሰል እህል የተቦካ ሊጥ ድስት ውስጥ አድርገው ትኩስ መሬት ውስጥ ይቀብሩታል። በማግስቱ ዳቦ ሆኖ ይወጣል። ጠቆር ያለ፣ ጣፋጭ፣ ድፎ ዳቦን የሚያስታውስ እርጥበት አለው። በቅቤ ይበላል።

ብሉ ላጉን የሚባለውን ሰማያዊ መዋኛ ሁሉም ይጠይቃል። ውሃው የተፈጥሮ ምንጭ አይደለም፤ አጠገቡ ካለው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የሚወጣ ነው። ሰማያዊ ያደረገው ውስጡ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ነው። ደስ ይላል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል፤ ከግሪንዳቪክ ጋር ተጎራባች ስለሆነም በፍንዳታ ምክንያት ደጋግሞ ተዘግቷል። እኔ ብሆን የከተማውን የሕዝብ መዋኛ እመርጣለሁ። በየመንደሩ አለ፣ ርካሽ ነው፣ አገሬው ወሬ የሚያወራው እዚያ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ዕወቁ። ከመግባታችሁ በፊት ልብስ ሁሉ አውልቃችሁ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው፣ ግን ከሰው ፊት ነው። ለእኛ ይከብዳል። ለእነሱ የንጽሕና ጉዳይ ነው፤ ውሃው ውስጥ ብዙ ኬሚካል አይጨምሩም።

ፏፏቴውና ባሕሩ

ፏፏቴው ስፍር ቁጥር የለውም። ጉልፎስ በሁለት ደረጃ 32 ሜትር ይወርዳል። ስኮጋፎስና ሴልያላንድስፎስ እያንዳንዳቸው 60 ሜትር ያህል ናቸው፤ የሁለተኛውን ጀርባ ዞሮ ማለፍ ይቻላል፣ መበስበስ ግን አለ። ሁለቱ የሚወድቁበት ገደል ጥንት የባሕር ዳር ነበር። የከበደው በረዶ ሲቀልጥ መሬቱ ሸክሙ ቀሎለት ቀና አለ፣ ባሕሩም ሸሸ።

ቪክ የምትባል መንደር አጠገብ ያለው የሬይኒስፍያራ ጥቁር ዳርቻ በጣም ያምራል፤ ከሁሉ በላይ የምፈራላችሁም እሱን ነው። ላቫ ሲቀዘቅዝ እየጠበበ ተሰንጥቆ የሠራቸው ባለ ስድስት ማዕዘን ዓምዶች ቁጭ ብለው ይታያሉ። ሰው ለፎቶ ጀርባውን ለባሕሩ ይሰጣል። ማዕበሉ ለደቂቃዎች ረጋ ብሎ ይቆይና ሳይታሰብ አንዱ ከሌላው እጅግ ርቆ ይመጣል። ጉልበት ድረስ የመጣ ውሃ እንኳ አሸዋውን ከእግር ሥር ይስበዋል። ውሃው በረዶ ነው፣ ዳርቻው ቁልቁለት ነው። በዚህ ሰዎች ሞተዋል። መግቢያው ላይ ያለውን የመብራት ምልክት አይታችሁ ግቡ፣ ልጆቻችሁን እጃቸውን ያዙ፣ ለባሕር ጀርባ አትስጡ።

ስትሄዱ

ቪዛው ሸንገን፣ ማለትም የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ማውጣት አለበት። አሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ወዳጃችን ብዙ ጊዜ "እኔን አይመለከተኝም" ይላል። ይመለከተዋል፤ ወሳኙ ፓስፖርቱ እንጂ ግሪን ካርዱ አይደለም። ጀርመን ወይም ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ከሕጋዊ ፓስፖርቱ ጋር ይዞት ለአጭር ጊዜ መግባት ይችላል። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለውም ለ90 ቀን ቪዛ አይጠየቅም።

ወቅቱ የሚወሰነው በምትፈልጉት ነው። በሰኔ ሬይኪያቪክ ውስጥ ፀሐይ እኩለ ሌሊት ላይ ጠልቃ ከሦስት ሰዓት በኋላ ትወጣለች፤ ጨለማ የሚባል ነገር የለም። በታኅሣሥ ደግሞ የቀኑ ብርሃን አራት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የሰሜኑን የሌሊት ብርሃን፣ ሰማይ ላይ እንደ አረንጓዴ ነጠላ የሚውለበለበውን፣ ማየት የሚፈልግ ከመስከረም እስከ መጋቢት ይሂድ። ከፀሐይ የሚመጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች የምድር መግነጢስ ወደ ዋልታው ይመራቸውና ከአየሩ ጋር ሲጋጩ ነው የሚያበራው፤ አረንጓዴው የኦክስጅን ቀለም ነው። ጨለማና ጥርት ያለ ሰማይ ይፈልጋል፣ ማንም ዋስትና አይሰጥም። መኪና መንዳትና መንገድ መጓዝ ለሚወድ ግን በጋው ይሻላል።

ብርዱ የሚባለውን ያህል አይደለም። ሞቃታማ የውቅያኖስ ሞገድ ስለሚያልፍባት የሬይኪያቪክ ጥር በአማካይ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ነፋሱ ነው ጠላት። ጃንጥላ አትያዙ፣ ውሃ የማያስገባ ጃኬት ያዙ። የመኪና በር ስትከፍቱ በሁለት እጅ ያዙት፤ ነፋስ ገንጥሎት የሚሄድ በር ብዙ ነው፣ ኢንሹራንሱም ብዙ ጊዜ ይህን አይሸፍንም። ደሴቷን የሚዞረው ቁጥር 1 መንገድ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ለመጨረስ አትሞክሩ። ስሙ "ኤፍ" በሚል ፊደል የሚጀምር የመሐል አገር መንገድ ላይ ፎር ዊል ድራይቭ በሕግ ግዴታ ነው፤ በበጋ ብቻ ነው የሚከፈተው። በጎች መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ እኛ ለዚህ አዲስ አይደለንም። ችግር ቢገጥም ስልኩ 112 ነው፤ ነፍስ አድን ሆነው የሚመጡት ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ምግብ ውድ ነው። ከሱፐርማርኬት ገዝቶ ማብሰል ኪስ ያድናል። የበግ ሥጋቸው ግን በጋውን ተራራ ላይ የተሰማራ ነው፣ ጣዕሙን ቅመሱ። የቧንቧ ውሃ ይጠጣል፤ የታሸገ አትግዙ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ አለ። አብዛኞቹ አይስላንዶች እንደኛው የቤተሰብ ስም የላቸውም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣ የአባቱ ስም ይከተላል። የስልክ ማውጫ መጽሐፋቸው እንኳ በመጀመሪያ ስም ነበር የሚደረደረው። ፎርም ላይ "የቤተሰብ ስም" ሲባል ግራ ለሚጋባ ሐበሻ ነገሩ የቤቱ ያህል ነው።

ጊዜ ካላችሁ ሰሜኑን አትዝለሉ። ብዙ ሰው ደቡቡን አይቶ ይመለሳል። ከሚቫትን ሐይቅ ትንሽ ወጣ ስትሉ ክራፍላ ትደርሳላችሁ። በ1977 እዚህ አካባቢ ለእንፋሎት ከተቆፈረ ጉድጓድ የቀለጠ ዐለት ተተፍቶ ያውቃል። ከመኪና ማቆሚያው በጣውላ መንገድ ተሻግራችሁ ሌይርህንዩኩር የሚባለው ኮረብታ ላይ ውጡ። በ1984 ለመጨረሻ ጊዜ የፈሰሰው ላቫ እዚያ ተኝቷል። ጥቁር ነው፣ ሳር አልያዘም፣ ስንጥቁ ውስጥ እንፋሎት አሁንም ይወጣል። እጃችሁን ወደ ስንጥቁ ብታስጠጉ ሙቀቱ ይሰማችኋል። አድማሱ ላይ ነጭ ተራራ ይታያል። ዓይናችሁን ከተራራው አንሥታችሁ እግራችሁ ሥር ያለውን ድንጋይ ብቻ ካያችሁት ግን ዳባሁ ናችሁ።